አንድ ድረ ገጽ በተለያዩ ብራውዘሮች ለምን ይለያያል?

አንድ ሳጥን እንውሰድ። ስፋቱ 300 ፒክስል እንዲሆን ታዟል እንበል። በውስጡ ባለው ጽሑፍና በጠርዙ መካከል በግራም በቀኝም 20 ፒክስል ባዶ ቦታ አለ፤ የጠርዙ መስመርም በየጎኑ 5 ፒክስል ውፍረት አለው። ይህ ሳጥን በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ከዳር እስከ ዳር ስንት ፒክስል ይይዛል? ጥያቄው ተራ የመደመር ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 በዊንዶውስ ላይ ሳጥኑን 300 ፒክስል አድርጎ ሲስለው፣ ደንቡን ተከትለው የተሠሩ ብራውዘሮች 350 ፒክስል አድርገው ይስሉት ነበር። ከሁለቱ ወገኖች መደመር የተሳነው የለም። የተለያዩት «ስፋት» በሚለው ቃል ፍቺ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የድረ ገጽ አቀማመጥ ከብራውዘር ብራውዘር የሚለያይበትን ምክንያትና ልዩነቱን በቁጥጥር ሥር ለማዋል የሚረዱ ዘዴዎችን እንመለከታለን። በኮድ ውስጥ በላቲን ፊደል የሚጻፉትን ትእዛዞች እዚህ እንደ አነባበባቸው በራሳችን ፊደል አስፍረናቸዋል።

የሁለት ፍቺዎች ታሪክ

የግድግዳ ሥዕል ስፋት ስንት ነው ብለን ብንጠይቅ፣ አንዱ ሥዕሉን ብቻ ለክቶ ሊመልስልን ይችላል፤ ሌላው ደግሞ ከነክፈፉ ይለካዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1996 የወጣው የመጀመሪያው የሲኤስኤስ ደንብ «ዊድዝ»፣ ማለትም ስፋት፣ የሥዕሉ ብቻ ነው ብሎ ወሰነ። ውስጣዊው ክፍተት (ፓዲንግ) እና ጠርዙ (ቦርደር) በላዩ ላይ ይደመራሉ። የማይክሮሶፍት ብራውዘር ግን ከነክፈፉ ለካ።

ውጤቱ ከወረቀት ላይ ስሌት አልፎ የሚሄድ ነው። 700 ፒክስል በሚሰፋ ገጽ ላይ ጎን ለጎን የሚቆሙ ሁለት አምዶችን አዘጋጅተን የእያንዳንዳቸውን ስፋት 350 ብንል፣ በኤክስፕሎረር 5 ሁለቱ አምዶች ልክ ይገጥማሉ። ከላይ ያልነው ክፍተትና ጠርዝ ካላቸው ግን በደንቡ መሠረት እያንዳንዳቸው 400 ይሆናሉ፤ ድምሩም 800 ነው። ቦታ ያጣው ሁለተኛው አምድ ከመጀመሪያው በታች ይወድቃል፤ ገጹም ይፈርሳል።

እንዲህ ያለው መፍረስ የውበት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲታይ እንታዘባለን። በአንድ ወቅት ለተማሪዎች የተዘጋጀ የማመልከቻ ቅጽ አይተን ነበር። ቅጹ በተሠራበት ቢሮ ኮምፒዩተር ላይ እንከን አልነበረውም። በትንሽ ስልክ ሲከፈት ግን «ላክ» የሚለው ቁልፍ በገጹ ግርጌ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ሥር ይገባና ሊነካ አይችልም ነበር። ኮምፒዩተር ያላቸው ተማሪዎች ከቤታቸው ሆነው አመለከቱ፤ ስልክ ብቻ የነበራቸው ቅጹን እስከ መጨረሻው ሞልተው መላኪያውን በማጣታቸው በአካል መጥተው ወረፋ መያዝ ግድ ሆነባቸው። የልዩነቱ ዋጋ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ከፋዩም ገጹን የሠራው ሰው አይደለም።

ለፊዚክስ ተማሪ ይህ ታሪክ ከሩቅ የመጣ አይደለም። ድረ ገጽ የተወለደው በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል በሰርን ነው። ቲም በርነርስ ሊ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረቡት፣ የተለያዩ ኮምፒዩተሮችን የሚጠቀሙ ተመራማሪዎች አንዱን ሰነድ ሁሉም እንዲያነቡት ለማስቻል ነበር። ስለዚህ ኤችቲኤምኤል ርእሱ የትኛው፣ አንቀጹ የትኛው እንደሆነ ይናገራል እንጂ ርእሱ ስንት ፒክስል እንደሚርቅ አይናገርም። መልክን የሚወስነው ሲኤስኤስ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። እርሱንም እ.ኤ.አ. በ1994 ሐሳብ አድርገው ያቀረቡት በዚያው በሰርን ይሠሩ የነበሩት ሆኮን ቪዩም ሊ ናቸው። በመጀመሪያው ሐሳባቸው አንድ ደስ የሚል ነገር ነበር፦ የገጹ አዘጋጅና አንባቢው በመልኩ ላይ ያላቸው ተሰሚነት በመቶኛ እንዲከፋፈል ታስቦ ነበር። መቶኛው በደንቡ ውስጥ አልቀረም፤ መንፈሱ ግን አለ። አንባቢው ፊደሉን ሊያጎላ፣ ቀለሙን ሊገለብጥ፣ መስኮቱን ሊያጠብ መብት አለው።

ማይክሮሶፍት ስህተቱን ለማረም ሲነሣ ሌላ ችግር ገጠመው። ስፍር ቁጥር የሌላቸው ገጾች በአሮጌው ፍቺ ተጽፈዋል፤ ፍቺው በድንገት ቢታረም እነዚህ ሁሉ ይፈርሳሉ። የተገኘው መፍትሔ ብልህነት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2000 ለማኪንቶሽ የወጣው ኤክስፕሎረር 5 የገጹን የመጀመሪያ መስመር እያየ ጠባዩን መለዋወጥ ጀመረ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ተገቢው «ዶክታይፕ» ካለ ገጹን በደንቡ ይስለዋል፤ ከሌለ ግን ገጹ የአሮጌው ዘመን ነው ብሎ በአሮጌው ልማድ ያስተናግደዋል። ይህ ሁለተኛው ስልት «ኩዊርክስ ሞድ» ይባላል። ኤክስፕሎረር 6 በ2001 ይህንኑ ዘዴ ይዞ መጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት።

ይህ ስልት ዛሬም በሁሉም ታላላቅ ብራውዘሮች ውስጥ አለ። የሳጥኑ ስሌት በአሁኖቹ ብራውዘሮች ዘንድ ወደ ኤክስፕሎረር 5 ባይመለስም፣ ዶክታይፕ በሌለው ገጽ ላይ የሠንጠረዥ ፊደላት መጠንና በመቶኛ የተሰጠ ከፍታ ስሌት ይለወጣሉ። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥንቃቄ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ገጹ ሁልጊዜ በዶክታይፕ ይጀምር። የላብራቶሪ ዘገባ ቁጥር ከመደርደሩ በፊት መለኪያውን እንደሚናገር ሁሉ፣ ገጹም በየትኛው ደንብ እንደተጻፈ አስቀድሞ ይናገራል።

ነገሩን አስቂኝ የሚያደርገው የኋለኛው ታሪኩ ነው። «ቦክስ ሳይዚንግ» የተባለ ትእዛዝ ተጨመረና ጸሐፊው ከሁለቱ ፍቺዎች የሚፈልገውን እንዲመርጥ ተፈቀደለት፤ «ቦርደር ቦክስ» ብሎ ከመረጠ ስፋት ማለት ከነክፈፉ ነው። ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች ገጻቸውን የሚጀምሩት በዚህ ምርጫ ነው። በእኛ አስተያየት የማይክሮሶፍት ፍቺ ከመነሻውም ለአሠራር የቀለለው ነበር። ጥፋቱ ሌሎች በጋራ የተስማሙበትን ቃል ለብቻ በሌላ ትርጉም መጠቀም ላይ ነው። ሁለት ሳይንቲስቶች አንዱ በክፈፍ፣ ሌላው ያለ ክፈፍ እየለኩ ቁጥር ቢለዋወጡ፣ የትኛው አለካክ ይሻላል የሚለው ክርክር አይጠቅማቸውም።

ግማሽ ፒክስል የት ይገባል?

ፍቺው ከተስተካከለም በኋላ ቁጥሩ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ አይወጣም። 50 ፒክስል የሚሰፋ ሳጥን ለአራት እኩል ቢከፈል ለእያንዳንዱ 12.5 ፒክስል ይደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ የነበሩ ብራውዘሮች ይህንን በሦስት ልዩ ልዩ መንገድ ይፈቱት ነበር። ኤክስፕሎረር 6 እና 7 እያንዳንዱን ወደ 13 ከፍ ያደርጉታል፤ ድምሩ 52 ሆኖ ከሳጥኑ ያልፋል። ሳፋሪና ኦፔራ ወደ 12 ዝቅ ያደርጉታል፤ ድምሩ 48 ሆኖ በስተመጨረሻ ባዶ ቦታ ይተርፋል። ፋየርፎክስ ደግሞ አንዱን 12 ሌላውን 13 እያደረገ ድምሩን 50 ያደርሰዋል፤ እኩል መሆን የነበረባቸው አምዶች ግን እኩል አይሆኑም። የመለኪያ ስህተት በድምር እንዴት እንደሚያድግ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ለማግኘት ያስቸግራል።

የዛሬዎቹ ብራውዘሮች ፒክስሉን ራሱን ይሸነሽኑታል። የፋየርፎክስ ሞተር ጌኮ አንዱን ፒክስል በ60 ይከፍለዋል፤ በክሮም ውስጥ ያለው ብሊንክና በሳፋሪ ውስጥ ያለው ዌብኪት በ64 ይከፍሉታል። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል። 100 ፒክስል ለሦስት ይከፈል። በ60 መደብ 100 ፒክስል 6000 ክፋይ ነው፤ ለሦስት ሲካፈል 2000 ይሆናል፤ ምንም አይተርፍም። በ64 መደብ 100 ፒክስል 6400 ክፋይ ነው፤ ለሦስት ሲካፈል 2133 ከሲሶ ስለሚሆን ሲሶው መቆረጥ አለበት። ሦስቱ አምዶች ተደምረው 6399 ክፋይ ሲይዙ፣ አንድ ክፋይ፣ ማለትም የፒክስል አንድ ስልሳ አራተኛ፣ ባዶ ይቀራል። 64 የሁለት ስድስተኛ ርቢ ስለሆነ ለኮምፒዩተር ስሌት ይመቻል። 60 ደግሞ ለ3ም፣ ለ4ም፣ ለ5ም ይካፈላል፤ ባቢሎናውያን የወደዱት፣ እኛም በሰዓት ደቂቃዎች የምንኖርበት ቁጥር ነው። ይህችን ያህል ቅንጣት ዓይን አያያትም። ሆኖም በሁለት ብራውዘር የተነሡ ሁለት ሥዕሎችን አነባብሮ ፍጹም አንድ እንዲሆኑ የሚሻ ሰው የሚጠይቀው ነገር ከመነሻው የማይቻል መሆኑን ታሳያለች።

ፒክስል ራሱ ምንድን ነው?

ብዙ ተማሪዎች ፒክስል በስክሪን ላይ ያለች አንዲት የብርሃን ነጥብ ናት ብለው ይመልሳሉ። በሲኤስኤስ ደንብ ግን ፒክስል የማእዘን ጉዳይ ነው። ማጣቀሻው ፒክስል፣ በአንድ ኢንች 96 ነጥቦች ያሉት ስክሪን በክንድ ርዝመት፣ ማለትም በ71 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሲታይ፣ አንዷ ነጥብ በዓይን ላይ የምትሠራው ማእዘን ነው። አንባቢው ራሱ ሊያሰላው ይችላል፦ የ96ኛ ኢንች ርዝመት 0.26 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በ711 ሚሊ ሜትር ሲካፈል ማእዘኑ 0.0213 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። በ3.5 ሜትር ርቀት ከሚታይ ስክሪን ላይ ይኸው ማእዘን 1.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስልክ ከዓይን ቀርቦ ስለሚያዝ ፒክስሉ ያንሳል፤ የስክሪኑ ነጥቦች ደግሞ ከፒክስሉ የረቀቁ ናቸው። ለምሳሌ ያህል በአግድም 1080 ነጥቦች ያሉት ስልክ ለገጹ «ስፋቴ 360 ፒክስል ነው» ብሎ ሊነግረው ይችላል፤ ያን ጊዜ ለአንዱ ፒክስል በየአቅጣጫው ሦስት ነጥብ ደረሰ ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ልማድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 አይፎን ሲወጣ አብዛኛው ገጽ ለኮምፒዩተር የተጻፈ ስለነበር፣ ስልኩ ገጹን 980 ፒክስል እንደሚሰፋ ቆጥሮ ከሳለው በኋላ ያሳንሰው ነበር። ገጹ ከስልኩ እውነተኛ ስፋት ጋር እንዲገጥም ከተፈለገ «ቪውፖርት» የተባለውን መግለጫ በገጹ ራስጌ ውስጥ ማስፈር ግድ ነው። ይህን መስመር በመርሳት ብቻ ፊደላቸው እንደ ጉንዳን የሚያንስ ገጾች ዛሬም አሉ።

የፊደላችን ነገር

እስካሁን ያልነው ለማንኛውም ቋንቋ ይሠራል። አማርኛ ግን የራሱ ጣጣ አለው። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለጥቂት ዓመታት ብዙ የአማርኛ ገጾች በየራሳቸው ፎንት ይጻፉ ነበር፤ ያ ፎንት በአንባቢው ኮምፒዩተር ላይ ካልተጫነ የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ነበር። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ ነገሩ በእጅጉ ቀለለ። ያ የጥንት መልክ ግን ዛሬም ብቅ ሊል ይችላል። በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል፤ ገጹ አጻጻፉን በግልጽ ካልተናገረና ብራውዘሩ በምዕራብ አውሮፓ ኮድ ካነበበው፣ «ሀ» የምትለው አንዲት ፊደል ሦስት ባዕድ ምልክቶች ሆና ትወጣለች። መድኃኒቱ አሁንም አንድ መስመር ነው፦ «ቻርሴት ዩቲኤፍ 8» ብሎ በራስጌው መጀመሪያ ላይ ማሳወቅ።

ፊደሉ በትክክል ቢነበብም ስፋቱ አንድ አይሆንም። ዊንዶውስ፣ አፕልና አንድሮይድ ለግእዝ ፊደል የሚያቀርቧቸው ፎንቶች የተለያዩ ስለሆኑ፣ በአንዱ ላይ በአንድ መስመር ያለቀው ርእስ በሌላው ወደ ሁለተኛ መስመር ይወርዳል። የመስመሩ ከፍታ ካልተወሰነም ብራውዘሩ ከፎንቱ ስለሚወስደው፣ የፎንቱ ለውጥ ገጹን በቁመትም ይገፋዋል። ስለዚህ ቁልፍን በ80 ፒክስል ስፋትና በ30 ፒክስል ከፍታ አጥሮ መወሰን ለአማርኛ አይበጅም። በእንግሊዝኛ አጭር ቃል የሞላው ቁልፍ «ማመልከቻውን አስገባ» ሲባል ጽሑፉ ይተርፈዋል። ቁልፉ በውስጣዊ ክፍተት እንዲሰፋ ቢተው ግን ከጽሑፉ ጋር ያድጋል።

የቃሎቻችን ርዝመትም ይታሰብ። «እንደሚያስፈልጋቸውም» የሚለው አንድ ቃል በጠባብ አምድ ውስጥ ካልገጠመ ከሳጥኑ ወጥቶ ይንጠለጠላል፤ ገጹንም ወደ ጎን ያስረዝመዋል። «ኦቨርፍሎው ራፕ» የተባለው ትእዛዝ ቃሉ ከመንጠልጠል ይልቅ እንዲሰበር ይፈቅዳል። ሌላው ማጋደል ነው። የግእዝ አጻጻፍ የተጋደለ ፊደል ልማድ የለውም፤ ጸሐፊው «ኢታሊክ» ብሎ ሲያዝ ብራውዘሩ ፊደሉን በራሱ ስሌት ያዘነብለዋል። ለደማቅ ጽሑፍም ፎንቱ የራሱ ደማቅ መልክ ከሌለው ብራውዘሩ ፊደሉን አወፍሮ ያስመስላል፤ በዚህ ጊዜ እንደ «ጬ» እና «ዥ» ያሉ ቅጥያ ያላቸው ፊደላት ተደፍነው ለማንበብ ያስቸግራሉ። አጽንዖት ለመስጠት መጠንን ወይም ቀለምን መጠቀም፣ አለዚያም ደማቅ መልክ ያለውን ፎንት ከገጹ ጋር አብሮ መላክ ይሻላል። ለፎንቱ ክብደት ግን የአንባቢው የኢንተርኔት ክፍያም ይታሰብበት።

ብራውዘሩን ሳይሆን ችሎታውን መጠየቅ

ሌሎች ሁለት የልዩነት ምንጮችን በአጭሩ እንለፍ። ገጹ ምንም የመልክ ትእዛዝ ባይኖረው እንኳ ብራውዘሩ የራሱን ነባሪ መልክ ይሰጠዋል። ኤሪክ ማየር በ2007 ያሳወቁት ዓይነት «ሪሴት» የሚባል የትእዛዝ ስብስብ ይህን ነባሪ መልክ ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። ሁለተኛው በኤችቲኤምኤል አጻጻፍ ላይ የሚፈጸም ስህተት ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ብራውዘር የተሳሳተውን ኮድ በየግምቱ ያቃና ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 የስህተት አያያዙንም ጭምር በደንብ ስለወሰነው ዛሬ ሁሉም አንድ ዓይነት ያቃናሉ።

ልዩነት ሲገጥማቸው ብዙ ጀማሪዎች የሚሞክሩት የብራውዘሩን ስም ጠይቆ ለየስሙ የተለየ ገጽ ማቅረብ ነው። ይህ መንገድ አያዋጣም። ብራውዘሮች ስማቸውን ሲናገሩ ታማኞች አይደሉም፤ ክሮም ራሱን ሲያስተዋውቅ ሞዚላንም፣ ጌኮንም፣ ሳፋሪንም ጠቅሶ ነው። ቀድሞ «ሞዚላ» ላላለ ብራውዘር የተሟላውን ገጽ የማይሰጡ ድረ ገጾች ስለነበሩ፣ እያንዳንዱ አዲስ መጪ የቀዳሚዎቹን ስም እየደረበ መጣ። ስለዚህ መጠየቅ የሚገባው ችሎታው ነው። ሲኤስኤስ «ሰፖርትስ» በተባለ ትእዛዝ «ይህን ታውቃለህ?» ብሎ ለመጠየቅ ያስችላል። በመጀመሪያ ሁሉም ብራውዘር የሚረዳው ባለ አንድ አምድ ገጽ ይጻፍ፤ ከዚያም ብራውዘሩ «ግሪድ» የተባለውን የአምድ አሠራር የሚያውቅ ከሆነ አምዶቹ ይደረደሩ። ግሪድ በክሮም፣ በፋየርፎክስና በሳፋሪ በ2017 የገባ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ስልክ የያዘ አንባቢ አንዱን አምድ ያነባል፤ የጎደለው ነገር የለም።

ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ተሰናብቷል። የማይክሮሶፍት ኤጅ ከ2020 ጀምሮ፣ ኦፔራም ከ2013 ጀምሮ በብሊንክ ላይ የቆሙ በመሆናቸው፣ ሰፊ ሥርጭት ያላቸው ሞተሮች ብሊንክ፣ ዌብኪትና ጌኮ ብቻ ናቸው። የእነዚህ ሞተሮች ባለቤቶች ከ2022 ጀምሮ «ኢንተርኦፕ» በተባለ ዓመታዊ ጥረት ልዩነታቸውን በጋራ ፈተና እየለኩ ያጠባሉ። እንግዲያስ በክሮም ብቻ መፈተሽ ለምን አይበቃም? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኤክስፕሎረር ከመቶ ዘጠና በላይ የሆነውን ተጠቃሚ ይዞ ሳለ ይኸው ጥያቄ ይነሣ ነበር። በ2001 ከወጣው ስድስተኛው እትም በኋላ ሰባተኛው እስከ 2006 አልወጣም፤ ለዚያ አንድ ብራውዘር ብቻ የተጻፉ ገጾችም ከነስህተቱ ታስረው ቀሩ።

ምን ይለያይ? ምን አንድ ይሁን?

ሁለት መኪናዎች ቢጋጩ፣ በመንገድ ዳር የቆመው ሰውና በአውቶቡስ ውስጥ የሚጓዘው ሰው የመኪናዎቹን ፍጥነት የተለያየ አድርገው ይለካሉ። መጋጨታቸውን ግን ሁለቱም ይመሰክራሉ። በፊዚክስ ተመልካች ሲለወጥ የማይለወጠውን ነገር ለይቶ ማወቅ የሥራው እምብርት ነው፤ ለድረ ገጽም ይኸው ይሠራል። መስመሩ የት እንደሚሰበር፣ ፎንቱ የትኛው እንደሆነ፣ የጠርዙ ማእዘን ምን ያህል ክብ እንደሆነ ይለያይ። የጽሑፉ ቅደም ተከተል፣ የእያንዳንዱ ቁልፍ ተደራሽነት፣ አንዱ ጽሑፍ ሌላውን አለመሸፈኑና ከሳጥኑ አለመቆረጡ ግን በየትኛውም መስኮት አንድ መሆን አለባቸው። ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው ኮዱን ከመጀመሩ በፊት እነዚህን የማይለወጡ ነገሮች በወረቀት ላይ ቢዘረዝር፣ የቀረውን በእርጋታ ለብራውዘሩ ሊተወው ይችላል።

ፈተናውም ከዚህ ዝርዝር ይመነጫል። ከሦስቱ ሞተሮች በእያንዳንዳቸው ገጹን እንክፈት፤ መስኮቱን እስከ 360 ፒክስል እናጥብ፤ ፊደሉን 200 በመቶ እናጉላ፤ ፎንቱንና ሥዕሎቹን እንከልክል። በየጊዜውም የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ቅጹ ተሞልቶ ሊላክ ይችላልን? ከተቻለም ርካሽ ስልክ ከጓደኛ ተውሶ መሞከር ይገባል፤ የኮምፒዩተሩ የተጠበበ መስኮት የስልኩን ፎንትና የጣትን ውፍረት አያሳይምና።

ለልምምድ የሚከተለውን እንስጥ። በ360 ፒክስል ስልክ ላይ ሦስት ሳጥኖች ጎን ለጎን ይቁሙ፤ የእያንዳንዱ ስፋት የገጹ ሲሶ ነው ተብሏል፤ ውስጣዊ ክፍተታቸው በየጎኑ 10 ፒክስል፣ ጠርዛቸው 1 ፒክስል ነው። በመጀመሪያው የ1996 ፍቺ ስንት ሳጥን በአንድ መስመር ይቆማል? በ«ቦርደር ቦክስ» ፍቺስ ለጽሑፉ ስንት ፒክስል ይተርፋል? የስልኩ አንድ ፒክስል 1.5 ነጥብ ቢሆን ደግሞ ባለ 1 ፒክስሉ ጠርዝ በስንት ነጥብ ይሳል? ለመጨረሻው ጥያቄ፣ ብራውዘሮች የጠርዝን ውፍረት ወደ ሙሉ ነጥብ ዝቅ አድርገው እንደሚወስዱት አንባቢው ልብ ይበል።